ቡድን ሌላ፣ ክለብ ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በመጣ ቁጥር በባሕር ዳር ሰፈሮች አዳዲስ ቡድኖች ይፈላሉ። ስም ይወጣል፣ ማሊያ ይሰፋል፣ ለዋንጫና ለበግ ይዋደቃሉ። መስከረም ሲጠባ ማሊያው በየሰው ቤት ቀርቶ፣ ኳሱ ተበስቶ ቡድኑ ይበተናል። በዓመቱ እነዚያው ልጆች በሌላ ስም፣ ሌላ ሰው ደጅ ጠንተው እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ «ገንዘብ» ብሎ ያልፋል። ገንዘብ ማነሱ እውነት ነው፤ ግን በሰው አገር፣ ቋንቋው ገና አፋቸው ላይ ሳይፈታ፣ ከፋብሪካና ከሱቅ ደመወዛቸው እየቆጠቡ ክለብ መሥርተው ከስድሳ ዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎች አሉ። የግሪክ ስደተኞች ናቸው። እነሱ ከቡድኑ በፊት ክለቡን አቆሙ፤ የኛ ሰፈሮች ቡድኑን አቁመው ክለቡን ይረሳሉ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን ወታደሮቹ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነው የሚጠቅመው። አሸናፊው የወታደሮች ቡድን ከሚሲዮኑ ጋር አበቃ፤ ሥሩ እዚህ አልነበረምና። ኦሎምፒያኮስና አራራት ግን በትልቁ ሊግ መጫወታቸው ካከተመ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ብዙው የማኅበረሰቡ ሰው አገር ከለቀቀ በኋላ እንኳ፣ የክለብ ቤታቸው በሩ አልተዘጋም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ግሪክ ክለብና አርመን ክለብ ሲባል የሚበላበት፣ የሚሰበሰብበት ግቢ መሆኑን ያውቃል። የኳሱ ቡድን ቢቀርም ክለቡ አልቀረም ማለት ነው፤ ምክንያቱም የአባላት መዝገብ ነበረው፣ ግቢ ነበረው፣ እሑድ እሑድ ሰው የሚሄድበት ምክንያት ነበረው።

አውስትራሊያ ላይ ደግሞ ቡድኑም ክለቡም አብረው ኖሩ። በሜልበርን ከተማ ሦስት ትናንሽ ክለቦች፣ ማለትም ሳውዝ ሜልበርን ዩናይትድ፣ ያራ ፓርክ አያስና ሄለኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ተዋሕደው ሳውዝ ሜልበርን ሄላስ የተባለውን ፈጠሩ። ሄላስ በግሪክኛ ግሪክ ማለት ነው። ሦስት ድሃ ክለቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም ይዘው ከሚሞቱ አንድ ሜዳ፣ አንድ የገንዘብ ሣጥን ይሻላል ብለው ስማቸውን ተዉ። (በአንድ ቀበሌ አራት ቡድን ያላቸው የኛ ሰፈሮች ይቺን ልብ ቢሉ ደስ ይለኛል።) በሲድኒ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓን ሄለኒክ የሚል ክለብ ተቋቁሞ ዛሬ ሲድኒ ኦሎምፒክ ይባላል። እዚያው ሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1958 በአሌክሳንደር ስም የተጀመረው አሁን ሃይደልበርግ ዩናይትድ ነው። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ሄለኒክ ተመሠረተና እ.ኤ.አ. በ1971 የአገሪቱን ሊግ አሸነፈ። የኒውዮርክ ግሪክ አሜሪካውያን ክለብ የአሜሪካን ብሔራዊ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ1968 እና በ1969 ተከታትሎ ወሰደ፤ አሰልጣኙ አልኬታስ ፓናጉሊያስ በኋላ የግሪክንም የአሜሪካንም ብሔራዊ ቡድን አሰልጥኗል።

አንድ ሰው ላይ ልቁም፤ የክለብ መሰላል ምን እንደሆነ በእሱ ይታያል። አንጅ ፖስቴኮግሉ እ.ኤ.አ. በ1965 አቴንስ ተወለደ፤ በአምስት ዓመቱ ወላጆቹ ይዘውት ሜልበርን ገቡ። በሳውዝ ሜልበርን የልጆች ቡድን ገብቶ አደገ፣ ለዋናው ቡድን ተከላካይ ሆነ፣ አምበል ሆነ። ትልቁ ሃንጋሪያዊ ኳስ ተጫዋች ፌሬንስ ፑሽካሽ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ክለቡን ሲያሰለጥን እንግሊዝኛው ስላልተሟላ፣ ቀደም ሲል የግሪኩን ፓናቲናይኮስ አሰልጥኖ የለመደውን ግሪክኛ ይናገር ነበር፤ ያንን ለተጫዋቾቹ የሚተረጉመው አምበሉ ፖስቴኮግሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አብረው ዋንጫ አነሱ። በኋላ ራሱ አሰልጣኝ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 ሁለት ዋንጫ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ክለቡን ብራዚል ማራካና ስታዲየም ይዞ ሄዶ ከማንቸስተር ዩናይትድ፣ ከቫስኮ ዳ ጋማና ከኔካክሳ ጋር ተጫወተ። ሦስቱንም ተሸነፉ፤ ግን የሰፈር ክለብ ማራካና መድረሱን ማንም ሊፍቀው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2025 ያው ሰው ቶተንሃምን ይዞ የአውሮፓ ሊግ ዋንጫ አነሳ። ልጁ ከታዳጊ ወደ ዋና ቡድን፣ ከዋና ቡድን ወደ አሰልጣኝ ወንበር ሲወጣ ያው ግቢ ነው የቆየለት። በየክረምቱ ስሙን የሚቀይር ቡድን ይህን መሰላል ለማንም ልጅ ማቆም አይችልም።

የወደቁበትንም ማንሳት ያስፈልጋል። የአውስትራሊያ እግር ኳስ አስተዳዳሪዎች ክለቦቹ የመጡበትን አገር የሚጠራ ስምና ምልክት እንዲተዉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጫኗቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጠንከር ያለ መመሪያ ወጣ፣ በ2019 ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2004 አሮጌው ብሔራዊ ሊግ ሲፈርስና አዲሱ ሊግ በሌሎች ክለቦች ሲቋቋም ሳውዝ ሜልበርን ከላይ ወደ ክፍለ ግዛት ውድድር ወረደ፤ በገንዘብም ክፉኛ ተጎዳ። መመሪያው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም፤ እኔ አባቶች የሰጡትን ስም በትእዛዝ ማስጣል ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። ለኛ ግን የሚቀረው ትምህርት ቀላል ነው። አዲስ ክለብ ስትመሠርቱ ስሙን ከቦታ ውሰዱት፤ ሽምብጥ፣ ዓባይ ማዶ፣ ቀበሌ 14፣ የምትጫወቱበት ሜዳ ስም። በቦታ የተሰየመ ክለብ ትናንት ሰፈሩ የገባውን ልጅ «አንተ ከየት ነህ?» ሳይል ይቀበለዋል። ደንቡ ላይም «በሰፈሩ የሚኖር ማንኛውም ሰው አባል መሆን ይችላል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት፤ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ሲጣሉ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሥራው። ክለብ የሚጀመረው በማሊያ ሳይሆን በመዝገብ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ከውጭ ሊያስተምረን አያስፈልግም፤ እድር አለን። የግሪኮቹ ማኅበር ከእድር የሚለየው በስሙ ነው። የአባል ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ቀን፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ያልከፈለበት ወር፣ ቅጣት። የእድር ጸሐፊ የነበረ ሰው በሰፈራችሁ አይጠፋም፤ እሱን ጸሐፊ አድርጉት እንጂ ጥሩ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ አታድርጉት። ተጫዋች ሲጎዳ ወይም ሲዛወር መዝገቡ አብሮት ይሄዳል፤ ብዙ ቡድን የሞተው በዚች ብቻ ነው።

ደንቡ ከሦስት ገጽ አይብለጥ። ውስጡ መኖር ያለበት፦ ማን አባል እንደሚሆን፣ መዋጮው ስንት እንደሆነና በስንት ወር ውዝፍ አባልነት እንደሚቋረጥ፣ ጠቅላላ ጉባኤ በዓመት መቼ እንደሚሰበሰብና ስንት ሰው ሲገኝ ምልዓተ ጉባኤ እንደሚሞላ፣ ሥራ አስፈጻሚው ለስንት ዓመት እንደሚመረጥ፣ ክለቡ ቢፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ። የመጨረሻዋን ሁሉም ይዘላታል። ክለቡ ሲበተን ኳሱን፣ መረቡንና የባንክ ተቀማጩን ማን እንደሚወስድ ያልተጻፈበት ክለብ ሲያልቅ በጠብ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ማንም መዋጮ አይሰጥም። «ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሰጣል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ገንዘቡን በምሳሌ ላስላ። 120 አባል በወር 50 ብር ቢያዋጣ በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር ነው። ከዚህ አንድ አምስተኛው፣ 14,400 ብር፣ አይነካም፤ ለክፉ ቀን ባንክ ይቀመጣል። የቀረው 57,600 ብር ነው የዓመቱ በጀት። ተጫዋቹም ይክፈል፤ ገቢ ከሌለው 25 ብር፣ እሱም ከሌለው ሜዳ በማስመር ይክፈል። ምንም ያላዋጣ ተጫዋች ክለቡን እንደ ቀጣሪ ያየዋል፤ ሌላ ቡድን ታኬታ የገዛለት ቀን ይሄዳል። አንድ ባለሀብት «ሁሉንም እኔ እችላለሁ» ቢላችሁ አመስግኑና ከዓመቱ በጀት ከሩብ በላይ አትቀበሉት፤ ባይሆን ግን ስጦታውን በአንድ ጊዜ ለሚገዛ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለብረት ጎል፣ አውሉት። ሰውየው ሲደክመው ወይም ሥራው ሲቀዘቅዝ ለትራንስፖርትና ለዳኛ የለመዳችሁት ገንዘብ በአንድ ሳምንት ይቋረጣል፤ የተተከለው ጎል ግን እንደቆመ ይቀራል።

ደረሰኙ ቁጥር ያለውና ካርቦን ያለው ይሁን። የባንክ ሂሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ገንዘብ ያዡና ሊቀ መንበሩ፣ ሁለቱ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ አይሁኑ። ገንዘብ ያዥ እጅ ላይ ከአንድ ሳምንት ወጪ በላይ ጥሬ ገንዘብ አይደር። ሂሳብ የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ ይመረጡና በየሦስት ወሩ ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። ሌባ ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ያዡን ከሐሜት የሚያድነው ይህ ነው። በሰፈር ሐሜት የተነሣ እጁን ታጥቦ የሄደ ታማኝ ገንዘብ ያዥ ስንት አለ!

የክለብ ቤት ሲባል ሕንፃ አይምሰላችሁ። የግሪኮቹ ክለቦች ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም ቡና ቤት ውስጥ እየተሰበሰቡ ነው ያደጉት። ለኛ አንድ የቀበሌ ክፍል ወይም የአባል ግቢ ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ቤት ትበቃለች፤ መቆለፊያ፣ መደርደሪያ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና ወንበር ይኑራት። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። ማሊያ ከጨዋታ በኋላ እዚያ ተቆጥሮ ይግባ፤ በቁጥር ከ1 እስከ 18፣ ማን እንደተረከበ ተጽፎ። ማሊያ ቤቱ ይዞ የሄደ ተጫዋች የሚያጥበው ይመስለዋል፤ ታጥቦ የሚመለሰው ግን ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አንዱ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላ፣ እናቶች ይምጡ፣ የወሩ ሂሳብ ይነበብ። ስደተኞቹ ክለባቸውን ያቆዩት ሴቶቹ ምግብ አዘጋጅተው፣ ጭፈራና ሎተሪ አድርገው ገንዘብ ስላሰባሰቡ ጭምር ነው። እናቱ ክለቡን የምታውቅ ልጅ ልምምድ አይቀርም።

ሜዳው ላይ ዘርዘር ልበል፤ ባሕር ዳር ላይ ክለብን የሚገድለው ሁለተኛው ነገር እሱ ነውና። መጀመሪያ ወረቀቱ። የምትጫወቱበት ባዶ ቦታ በከተማው ፕላን ላይ በስፖርት ሜዳነት መስፈሩን ጠይቁ። ካልሰፈረ ዛሬ ወይም ነገ አጥር ይታጠርበታል፤ ያን ቀን «ሃያ ዓመት ተጫውተንበታል» ማለት ሰሚ የለውም። ጥያቄውን በክለቡ ማኅተምና በአባላት ፊርማ አስገቡ፤ መዝገብ ቤት ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ያዙ።

ቀጥሎ አፈሩ። ጥቁር መረሬ አፈር ያለበት ሜዳ በክረምት ይጨቀያል፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ይሰነጠቃል። ትልቁ ስህተት የምንሠራው ተማሪ ስለሚያርፍ ብለን ውድድሩን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማድረጋችን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘንበው አብዛኛው በሚወርድበት ጊዜ። እርጥብ መረሬ ሲረገጥ በአፈሩ ውስጥ ያለው የአየር ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይሆናል፤ ሥር አይገባበትም፣ ውሃ አይሰርግበትም። አንድ ቀን በጭቃ የተደረገ የዋንጫ ጨዋታ የበረኛውን ክልል ለዓመቱ ያበላሸዋል። ሙከራው ቀላል ነው፤ ሜዳው መሐል ቆማችሁ ተረከዛችሁን ተጫኑ፤ ባነሳችሁት ቦታ ውሃ ከቋጠረ ያን ቀን ጨዋታ የለም። ውድድሩን ወደ ጥቅምትና ኅዳር ቅዳሜና እሑድ ማዛወር ይቻላል። የክረምቱን ዕረፍት ለታዳጊዎች አነስተኛ ጨዋታ፣ አምስት ለአምስት፣ ደረቅ ጠጠር ላይ አውሉት።

ውሃ የሚፈስበት ቁልቁለት ስጡት። ሜዳው ወርዱ 64 ሜትር ከሆነ መሐሉ ከጎኑ በ32 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል አንድ መቶኛ ተዳፋት ይሆናል፤ ለዓይን አይታይም፣ ኳስም አያንከባልልም፣ ውሃ ግን ያወርዳል። ከመስመሩ ውጭ 3 ሜትር ርቆ ቦይ ይቆፈር፤ ወደ መስመሩ ከተጠጋ የመስመር ዳኛው ይሰበርበታል።

ሣሩ ሰርዶ ይሁን። ከውጭ ዘር ለመግዛት አትድከሙ፤ ሰርዶ በየአጥሩ ሥር አለ፣ መረገጥ ይችላል፣ በተጎዳ ቦታ በሐረጉ ራሱን ይሸፍናል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጸና፣ ቢያንስ ሁለት አንጓ ያለው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ቁረጡ፤ ሁለት ሦስተኛውን ቅበሩና ጫፉን አውጡት። በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል ለአንድ ካሬ ሜትር 16 ቁራጭ ይሆናል። ሜዳውን ሁሉ በአንዴ አትጀምሩ። በሁለቱ ጎል ፊት 20 በ10 ሜትር ብቻ ብትተክሉ 400 ካሬ ሜትር ነው፣ 6,400 ቁራጭ፤ ሠላሳ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይጨርሰዋል። ከዚያ እስከ መስከረም መጨረሻ ማንም አይርገጠው፤ ከሰው ይልቅ ከብት ነው የሚያስቸግረው፣ እርጥብ አፈር ላይ የከብት ኮቴ የሚተወው ጉድጓድ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ስንጥቅ ሲደፈን ብቻውን አሸዋ አትጨምሩ፤ ጥቂት አሸዋ ከመረሬ ጋር ሲደባለቅ ይደርቃል እንጂ አይላላም። ያንኑ አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር አዋሕዱና ሙሉት፣ ከዚያ አጠጡት። ልምምድ ሲሆን ደግሞ ጎሉን ወደ ጎን አዙሩ፤ ሁልጊዜ አንድ ጎል ላይ መምታት ነው የበረኛውን ቦታ መላጣ የሚያደርገው።

መስመሩን በዓይን ግምት የሚያሰምሩ ብዙ ናቸው። አንዱን ማዕዘን ላይ ካስማ ትከሉ፤ በአንድ በኩል 12 ሜትር፣ በሌላው 16 ሜትር ለኩ፤ በሁለቱ ጫፍ መካከል ያለው ልክ 20 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ሜዳው 100 በ64 ከሆነ ከማዕዘን ማዕዘን ሲለካ ሁለቱም አግድም 118.7 ሜትር መምጣት አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው ከበለጠ ሜዳችሁ ተንጋዷል። የቅጣት ክልሉ ከጎሉ ቋሚ 16.5 ሜትር ወደ ጎን፣ 16.5 ወደ ፊት፤ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ 11 ሜትር፤ የመሐል ክቡ ሬዲየስ 9.15 ሜትር፤ መስመሩ ከ12 ሳንቲ ሜትር አይስፋ። የዚህ ሜዳ መስመር በሙሉ ሲደመር ወደ 695 ሜትር ይመጣል፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ወደ 70 ካሬ ሜትር የሚቀባ ቦታ ነው፤ የጀሶውን መጠን ከዚህ አስሉት። ኖራ አትጠቀሙ። ኖራ በላብና በዝናብ ሲርስ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፤ በረኛ በግንባሩ የሚወድቅበት መስመር ላይ መርዝ መበተን ነው። ዓይን ውስጥ የገባበት ካለ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ ታጥቦ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ። ጀሶ፣ ወይም በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም አይጎዳም።

ጎሉ ከውስጥ ወደ ውስጥ 7.32 ሜትር ስፋት፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው ሥር 2.44 ሜትር ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይሆናል፤ አግዳሚው ግን ባሕር ዛፍ ከሆነ በዓመቱ መሐሉ ይጎብጣል፣ ስለዚህ አግዳሚውን ብረት አድርጉት። እንጨቱ የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እርጥበትም አየርም እዚያ ይገናኛሉ፣ ምስጥም እዚያ ይጀምራል። የሚቀበረውን 1 ሜትር ያህል በእሳት ለብልባችሁ ቅበሩት። የሚነሣ የብረት ጎል ከሆነ ከኋላ በካስማ ይታሰር ወይም በአሸዋ ከረጢት ይጫን፤ ልጅ ተንጠልጥሎበት የተገለበጠ ጎል ሕይወት ያጠፋል። ይህን ሳታስሩ ልጆች አታስገቡ። ለመረብ የጣና ዓሣ አጥማጆች የተውትን ቀጭን የላስቲክ መረብ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጣትና ታኬታ ይይዛል፣ በጠንካራ ምትም ይበጠሳል። ወፍራም የተገመደ ክር ገዝታችሁ የዓሣ መረብ የሚሠሩ ሰዎችን ብትለምኑ ዐይኑን 10 ሳንቲ ሜትር አድርገው ያስሩላችኋል፤ ከሱቅ ከሚመጣው ይበልጥ ይቆያል።

ኳሱ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ ለታዳጊዎች ቁጥር 4 ግዙ። መንፊያውን መርፌ ሳታርሱ አትክተቱ፤ ደረቅ መርፌ ነው የኳሱን አፍ የሚቀደው፤ ብዙ ጊዜ «ተበሳ» የሚባለው ኳስ ከአፉ ነው የሚያፈስሰው።

ስለ ጤና ሦስት ነገር። ከልምምድ በኋላ ልጆቹ ሐይቁ ዳር ወርደው ይታጠባሉ፤ የጣና ዳርቻ ቀንድ አውጣ ያለበት ስለሆነ ቢልሃርዚያ ያስይዛል። ሜዳው ዳር አንድ በርሜል የቧንቧ ውሃ ይቀመጥ፤ ሐይቅ የገባ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ይመርመር፣ መድኃኒቱ አለ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲሰማ ዳኛው ጨዋታውን ያቁም፤ ማንም ዛፍ ሥር አይጠለል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱ። ወጌሻው ደግሞ ያበጠ ቁርጭምጭሚት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይሽ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ20 ደቂቃ ያኑርበት፣ እግሩን ከፍ ያድርገው። ጭንቅላቱን ተመቶ የተደናገረ ተጫዋች ያን ቀን አይመለስም፤ «ደህና ነኝ» ቢልም።

የከተማውን ስፖርት አስተባባሪዎች የምለምነው አንድ ነገር ነው። የክረምት ውድድር ምዝገባ ስትከፍቱ ቡድን አትመዝግቡ፣ ክለብ መዝግቡ። የአባላት መዝገብ፣ ባለሁለት ፊርማ የባንክ ሂሳብና ከ15 ዓመት በታች ቡድን ያለው ይግባ፤ የሌለው እስከሚቀጥለው ዓመት ያዘጋጅ። የተጫዋቹ ዕድሜ በትምህርት ቤት ካርድና በልደት ምስክር ወረቀት ይጣራ፤ ከሌላ ሰፈር የተዋሱት ተጫዋች ቁጥር ይገደብ። ሽልማቱንም ከበግ ወደ ኳስና መረብ ቀይሩት። በግ በአንድ ቀን ይበላል።

ጋዜጣውን ደግሞ በሳምንት ሩብ ዓምድ ለአማተር ክለቦች ውጤት እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። የጨዋታው ቀን፣ ሜዳው፣ ውጤቱ፣ ያገባው ልጅ ስም፣ ይኸው ነው። ልጁ ስሙን ጋዜጣ ላይ ያያል፣ ክለቡ ቆርጦ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ማን መቼ እንደተጫወተ የሚያሳይ መዝገብ ይኖራል። ውጤቱን የክለቦቹ ጸሐፊዎች በዳኛው ፊርማ አረጋግጠው፣ በንጹሕ ወረቀት ጽፈው፣ ሰኞ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ዝግጅት ክፍላችሁ ያደርሳሉ።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ሰፈር ክለብ ጸሐፊ
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር